ሄድፎኑን ሳጠልቅ ጆሮዬ ይብስበታል

ሰላም ጤና ይስጥልኝ። 34 ዓመቴ ነው፣ ባለትዳር ነኝ፣ የሁለት ዓመት ሴት ልጅ አለችኝ። ሥራዬ ብረታ ብረት ነው። በርና መስኮት እንሠራለን፣ ላለፉት 11 ዓመታት ከግራይንደርና ከብየዳ ተለይቼ አላውቅም።

ከአንድ ዓመት ተኩል ወዲህ ጆሮዬ ይጮኻል። ሲ... የሚል ቀጭን ድምፅ ነው፣ አሮጌ ቴሌቪዥን ሲበራ እንደሚያወጣው ዓይነት። ሁለቱም ጋ አለ፣ ግራው ግን ይብሳል። ቀን ሥራ ላይ እረሳዋለሁ። ማታ ቤቱ ጸጥ ሲል ነው የሚያሳብደኝ። የሚገርመው፣ ክረምት ላይ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ እንቅልፌን ለጥ ብዬ ነበር የምተኛው።

ዱባይ ሰው ቤት የምትሠራው እህቴ ይሄን ስነግራት ኖይዝ ካንስሊንግ የሚሉትን፣ የውጭ ድምፅ የሚያጠፋ ሄድፎን ገዝታ በሰው ላከችልኝ። ውድ እንደሆነ አውቃለሁ። የዚያኑ ዕለት ማታ ምንም ሳልከፍትበት አጥልቄው ተኛሁ። ጩኸቱ ጭራሽ ባሰ! ጭንቅላቴ ውስጥ የገባ ነው የመሰለኝ። ከዚያ ወዲህ ፈራሁ፤ ይሄ ነገር ጆሮዬን አበላሽቶት ይሆን? በሌላ በኩል ሥራ ቦታ ሳደርገው ያሳርፈኛል። ቤትም ልጄ ስታለቅስ ወይ ባለቤቴ ዕቃ ስታጥብ ድምፁ ጆሮዬን ስለሚወጋኝ አደርገዋለሁ። ባለቤቴ በዚህ ተቀይማኛለች፣ «ከኛ ለመሸሽ ነው» ትላለች። ስለ ጩኸቱ አልነገርኳትም። እናቴ ስትሰማ «ጸበል ግባ» ነው ያለችኝ፣ ባለቤቴም እንደ በሽተኛ እንዳታየኝ ፈራሁ። ለእህቴ ደግሞ «አልጠቀመኝም» ማለት ከበደኝ። ልሽጠው ወይስ ልጠቀምበት? ምን ትመክረኛለህ?

ከኮልፌ

መልስ

ወንድሜ፣ ደብዳቤህን ሁለቴ አነበብኩት። መጀመሪያ ያስፈራህን ነገር እንጨርስ።

ሄድፎኑ ጆሮህን አላበላሸውም። ያን ማታ የሰማኸው ያንኑ የምታውቀውን ጩኸት ነው። እሱ ባለበት ነው፤ በዙሪያህ ያለው ድምፅ ነው የቀነሰው። የሚንጠባጠብ ቧንቧ አስብ። ቀን ማን ይሰማዋል? ሌሊት ሰው ሁሉ ሲተኛ ግን ጠብ ባለ ቁጥር ግንባርህ ላይ የሚያርፍ ይመስልሃል። ቧንቧው ያው ነው።

ሄድፎንህ ላይ ትንንሽ ማይኮች አሉ። ከውጭ የሚመጣውን ድምፅ ይሰማሉ፣ ከዚያ መሣሪያው የዚያኑ ድምፅ ተቃራኒ ሞገድ ይሠራና ሁለቱ ተገናኝተው ይጠፋፋሉ። ሐሳቡ የቆየ ነው። ጀርመናዊው ፓውል ሉግ እ.ኤ.አ. በ1936 የፈጠራ መብት አውጥቶበታል። አማር ቦዝ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1978 አውሮፕላን ውስጥ ተቀምጦ የሞተሩ ድምፅ ሙዚቃውን ሲውጥበት ነው ለማዳመጫ ማሰብ የጀመረው። እና ልብ በል፣ ማይኩ የሚይዘው አየር ላይ ያለውን ድምፅ ብቻ ነው። ያንተ ጩኸት አየር ላይ የለም። አጠገብህ የተኛችው ባለቤትህ አትሰማውም፣ ማይኩም አይሰማውም። ስለዚህ የውጩን ሁሉ ያጠፋልህና ከጩኸቱ ጋር አንድ ክፍል ውስጥ ዘግቶብህ ይሄዳል።

ጩኸቱ ከየት መጣ ካልከኝ፣ ውስጠኛው ጆሮ ውስጥ ድምፅ የሚቀበሉ ፀጉር መሰል ሕዋሳት አሉ። ኃይለኛ ድምፅ በዓመታት ይጎዳቸዋል፣ የሰው ልጅ ላይ ደግሞ አንዴ ከሞቱ ተመልሰው አይበቅሉም። አንጎል የሚደርሰው ድምፅ ሲያንስበት፣ ጣቢያው አልሰማ ያለው ሰው ሬዲዮውን ከፍ እንደሚያደርገው እሱም ከፍ ያደርጋል። ያኔ ጭረቱ አብሮ ይሰማል። ብዙ ተመራማሪዎች ነገሩን የሚያስረዱት እንዲህ ነው። እብደት አይደለም፣ ልታብድም አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣ ሰፊ ግምገማ ከአዋቂዎች 14 በመቶው ገደማ የጆሮ ጩኸት እንዳለበት ገምቷል። የምትሳፈርበት ሚኒባስ ውስጥ ሁለት ሰው እንደማለት ነው።

አንድ ጥናት ልንገርህ፣ ያንተን ነገር በደንብ ያሳያልና። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ ነው። መስማታቸው ጤነኛ የሆነ 18 ሰዎች አንድ ጆሯቸውን ለሰባት ቀን ደፍነው ዋሉ። 14ቱ የሌለ ድምፅ መስማት ጀመሩ፣ አብዛኛውም ቀጭን ጩኸት ነበር። መድፈኛው ሲወጣ የሁሉም ጠፋ። ጤነኛ ጆሮ እንኳ ድምፅ ሲነፈገው እንዲህ የሚያደርግ ከሆነ፣ ያንተ 11 ዓመት የሠራበት ጆሮ ሌሊት ተዘግቶበት ቢጮኽ ምን ይገርማል?

አባቴ ወፍጮ ቤት ነበር የሚሠራው። ማታ ሬዲዮ ከፍቶ ይተኛል። ጣቢያው ሥርጭቱን ጨርሶ ሺ... ማለት ሲጀምርም አያጠፋውም። እናቴ ባትሪው እንዳያልቅ ብላ በጨለማ ተነሥታ ቀስ ብላ ታጠፋዋለች። ወዲያው ይነቃል፣ «ማነው ያጠፋው?» ይላል፣ ቁጣ ቁጣ ይለዋል። እኛ ልጆቹ አመል ነው እንል ነበር። ጆሮው እንደሚጮኽ የሰማነው ካረጀ በኋላ፣ ያውም ሐኪም ሲጠይቀው ነው። ያን ሁሉ ዓመት ማንም ሳይነግረው መድኃኒቱን ራሱ አግኝቶ ነበር፣ እኛ ደግሞ በየሌሊቱ እያጠፋንበት ኖርን። አሁንም ሳስበው ያንገበግበኛል። ለዚህም ነው ለአንተ እንዲህ ዘርዝሬ የምጽፈው።

አንተም አግኝተኸዋል እኮ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ጥሩ እተኛለሁ ብለህ ጽፈህልኛል። ያ ድምፅ ነው ያስተኛህ። ክረምት እስኪመጣ ግን መጠበቅ የለብህም። ዛሬ ማታ ሄድፎኑን ኮሜዲኖው ላይ አስቀምጠው። ስልክህ ላይ የዝናብ ድምፅ አውርድ፣ ረጅም የሆነውን፣ መሀል ላይ ማስታወቂያ የማይገባበትን። ስልኩን ከራስጌህ ክንድ ያህል አርቀህ በራሱ ስፒከር ክፈተው። ድምፁ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል፤ ጩኸቱን እንዲውጠው ብሎ እስከ ጥግ ይከፍተዋል። አንተ እንዲህ አድርግ፤ ከዜሮ ጀምረህ ቀስ እያልክ ጨምር፣ ጩኸቱን ሊሸፍነው ትንሽ ሲቀረው አቁም። ሁለቱም ይሰሙህ። አንጎል ከጩኸቱ ጋር የሚላመደው እየሰማው፣ ግን ሌላም ነገር እየሰማ ሲሆን ነው። የስልኩ ነገር ካልተመቸህ ሬዲዮም ይሆናል፣ እንደ አባቴ። የመጀመሪያው ሌሊት ላይ ለውጥ ካላየህ አትተወው። መላመድ ወራት የሚወስድ ነገር ነው፣ ሳምንት ባልሞላ ጊዜ አትፍረድበት። ልብህን የሚያስጨንቀው ከቀጠለ ደግሞ ስለ ጩኸቱ ያለህን ሐሳብና ፍርሃት የሚያስተካክል የንግግር ሕክምና አለ፣ ለዚህ ችግር ጥሩ ማስረጃ ካላቸው ሕክምናዎች አንዱ ነው።

ሄድፎኑን አትሽጠው። ቦታ አለው። አውቶቡስ ውስጥ፣ ጄነሬተር አጠገብ፣ አንድ ቀን ወደ እህትህ ስትሄድ አውሮፕላን ውስጥ አጥልቀው። እዚያ ላይ በእውነት ይጠቅምሃል፣ ምክንያቱም የሞተሩን ጉርምርምታ ስለሚቀንስልህ ዘፈኑን ጮክ አድርገህ መክፈት አያስፈልግህም። ጆሮ የሚጎዳው ብዙ ጊዜ ያ ጮክ ማድረግ ነው። ስልኩ ከሚችለው ከ60 በመቶ በታች ይሁን። ባዶውን አታጥልቀው ብቻ፣ ቢያንስ የሆነ ነገር ዝቅ አድርገህ ክፈትበት።

አሁን ወደ ሥራህ ልምጣ። እዚህ ላይ ትንሽ ጠንከር እላለሁ፣ ይቅርታ አድርግልኝ። ሄድፎኑ ሥራ ቦታ «ያሳርፈኛል» ያልከው በጣም አሳስቦኛል። የሚያሳርፍህ ጉርምርምታውን ስለሚያጠፋው ነው። ኖይዝ ካንስሊንግ ጎበዝ የሚሆነው ዝቅ ባለና በማያቋርጥ ድምፅ ላይ ነው። ግራይንደር ብረት ላይ ሲያርፍ የሚያወጣው ቀጭን ፉጨት ላይና መዶሻ ላሜራ ሲመታ ባለው ድንገተኛ ድምፅ ላይ ግን ደካማ ነው። ጆሮህን የጎዳው ደግሞ ያ ነው። የሥራ መከላከያ ተብሎም አልተሠራም። የተጠበቅክ እየመሰለህ እየተጎዳህ ነው።

ቁጥሩን ልንገርህና ራስህ አስላው። በተለመደው የሥራ ደህንነት መመሪያ 85 ዴሲቤል (የድምፅ ኃይል መለኪያ ነው) ድምፅ ውስጥ በቀን ስምንት ሰዓት መሥራት ይቻላል። ድምፁ በሦስት ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር ሰዓቱ በግማሽ ይቀንሳል። 100 ዴሲቤል ላይ ስትደርስ 15 ደቂቃ ነው የሚቀርህ፣ የቀኑ ሁሉ ድምር። ግራይንደር እዚያ አካባቢ ይደርሳል። አንተ በቀን ስንት ደቂቃ ትይዘዋለህ? መለኪያ ከሌለህ ደግሞ በዚህ እወቀው፤ ክንድህን ዘርግተህ የምትነካው ሰው ጋር ለመግባባት መጮኽ ካለብህ ቦታው ለጆሮ አደጋ ነው።

የሚያስፈልግህ ሁለት ነገር ነው። አንደኛው እንደ ሄድፎን ጆሮ ላይ የሚደፋው የሥራ መከላከያ። ሌላው ከብየዳ ማስክ ሥር የሚሆነው ትንሹ የስፖንጅ መድፈኛ። የስፖንጁን አደራረግ ብዙ ሰው አያውቀውም፣ ጆሮው ደጃፍ ላይ ሰክቶት ይሄዳል። በንጹሕ ጣትህ እንደ ክር አቅጥነህ አሽከርክረው፣ በሌላው እጅህ ጆሮህን ወደ ላይና ወደ ኋላ ሳብ፣ አስገባውና እስኪያብጥ ድረስ በጣትህ ያዘው። በትክክል ሲገባ የራስህ ድምፅ ከበርሜል ውስጥ የምታወራ ያህል ነው የሚሰማህ። የሥራ ደህንነት ዕቃ የሚሸጡ ሱቆች ዘንድ ታገኘዋለህ። አብረውህ ለሚሠሩት ልጆችም ግዛላቸው። እስቲ ደግሞ ጠይቃቸው፣ ማታ ጆሮው የሚጮኽ ካንተ ሌላ የለም ብለህ ነው? ከሥራ ስትወጣ ግን አውልቀው። ጸጥ ባለ ቦታ ደፍነህ መዋል ያንን የ18ቱን ሰዎች ነገር ነው የሚያመጣው።

ግራው ይብሳል ያልከው ነገር በምክር ብቻ የሚታለፍ አይደለም። አንድ ጆሮ ላይ የባሰ ጩኸት በአንገት በላይ ሐኪም መታየት አለበት። እና ልጠይቅህ፣ በያጅ ስለሆንክ፤ የብየዳ ፍንጣሪ ግራ ጆሮህ ውስጥ ገብቶብህ ያውቃል? የጋለ ፍንጣሪ የጆሮን ታምቡር ሊበሳ ይችላል፣ ሰው ደግሞ «ቻስ» ብሎ አቃጠለኝ ብሎ ይረሳዋል። ይሄ ከሆነ ለሐኪሙ ንገረው። ምናልባት ምክንያቱ ከዚያም የቀለለ ይሆናል፣ የተጋገረ ኩክ ብቻ ሊሆን ይችላል፣ ያም ጆሮን ያስጮኻል። በክብሪት እንጨት ወይም በጥጥ እንጨት አትጎርጉረው፣ ወደ ውስጥ ነው የምትገፋው። ዘይትም የጤና አዳም ጭማቂም አታንጠባጥብበት፣ ታምቡሩ ደህና መሆኑ ሳይታይ። እናትህ ጸበል ማለታቸው ከፍቅር ነው፣ እምነትህ ከሆነ ግባ፣ ሐኪሙንም ጸበሉንም አንድ ላይ ማድረግ ትችላለህ። እስክትመረመር ግን ውሃ እንዳይገባበት ቫዝሊን የተቀባ ጥጥ ጆሮህ ደጃፍ ላይ አድርግ።

ምርመራው የመስማት ምርመራ ነው፣ ምንም አያምም። እንደ ቅዱስ ጳውሎስ ያሉ ትልልቅ ሆስፒታሎች የአንገት በላይ ክፍል አላቸው። ሰኞ ጠዋት፣ ከሥራ በፊት ሂድ። እሁድን ከድምፅ አርፈህ ከሆነ ውጤቱ እውነተኛውን መስማትህን ያሳያል፣ ከግራይንደር ተነሥተህ ብትሄድ ግን ለጊዜው የደነዘዘው ነው የሚለካው። የሚሰጡህ ወረቀት ላይ ቀኝ ጆሮ በቀይ ክብ፣ ግራው በሰማያዊ ኤክስ ነው የሚመዘገበው። ድምፅ የጎዳው ጆሮ ብዙ ጊዜ 4000 የሚለው ቁጥር አካባቢ መስመሩ ቁልቁል ይወርድና መልሶ ይነሣል። መስማትህ ቀንሶ ከተገኘ የመስሚያ መሣሪያ ለብዙ ሰው ጩኸቱንም ያቀልለታል፣ ገና ወጣት ነኝ ብለህ አትሸማቀቅ። የምትወስደው መድኃኒት ካለም ስሙን ይዘህ ሂድ፤ ብዙ አስፕሪን፣ ለወባ የሚሰጠው ኩዊኒን፣ እንደ ጀንታማይሲን ያሉ መርፌዎች ጆሮ ላይ ጉዳት ወይም ጩኸት ሊያመጡ ይችላሉ። አንድ ጠዋት ተነሥተህ አንዱ ጆሮህ ድንገት አልሰማ ካለህ፣ ወይም ማዞር ካጣደፈህ፣ ወይም ፊትህ በአንድ ጎን ከዛለ ያኔ ቀጠሮ የለም፣ የዚያኑ ቀን ነው የምትሄደው። ጩኸቱ ከልብ ምትህ ጋር እኩል የሚመታ ከሆነም ንገራቸው።

ቡና ተው ያለህ ሰው ካለ አትስማው። ቡና ማቆም ጩኸቱን እንደሚቀንስ ጥናት አላሳየም፣ ድንገት ሲተዉት የሚመጣው ራስ ምታት ነው ትርፉ። ማታ እንቅልፍ የሚነሣህ ከሆነ ብቻ ከሰዓት በኋላ ያለውን ቀንስ።

ስለ ቡና ካነሣን ባለቤትህ ጋር እንሂድ። እንዲህ አስበው። ቡናው ተቆልቷል፣ ሙቀጫው ይደቃል፣ ትንሿ ልጅ መሬት ላይ ሲኒ ታንኳኳለች፣ አንተ ደግሞ ሶፋው ላይ ትልቅ ጥቁር ሄድፎን አጥልቀህ ተቀምጠሃል። የምትከፍትበት ዘፈን እንኳ የለም። እሷ ምን ብላ ታስብ? ጥፋተኛ ነህ ማለቴ አይደለም። ድምፁ እንደሚወጋህ አምናለሁ፣ የጆሮ ጩኸት ያለበት ሰው ብዙ ጊዜ ለድምፅም ስሱ ይሆናል። ግን እሷ የምታየው የተዘጋውን ጆሮ ብቻ ነው። የምትቀየመውም በማታውቀው ነገር ነው።

እንደ በሽተኛ እንዳታየኝ ያልከው ገባኝ። እስቲ ግን ራስህን ጠይቅ፣ አሁን ከምታይህ ያ ይብሳል? እንደ በሽተኛ ብታይህ ትንከባከብሃለች፣ እንደሚሸሽ ሰው ስታይህ ግን ብቻዋን ነው የምትብሰለሰለው። አቦሉን ጠጥታችሁ ቶናው ሲቀርብ፣ ሄድፎኑን አውልቀህ ንገራት። ረጅም ንግግር አያስፈልገውም፦ «ጆሮዬ ውስጥ ቀንም ሌሊትም የሚጮኽ ነገር አለ። ሥራው ነው ያመጣብኝ። ካንቺ አልነበረም የምሸሸው። ሐኪም ጋ ልሄድ ነው፣ ማታም የዝናብ ድምፅ ከፍቼ ልተኛ ነው፣ እንዳታጠፊብኝ።» ይሄን ያህል ይበቃል። የመጨረሻዋን ቃል እንዳትረሳት፣ የኔ እናት የሚነግራት አጥታ ነው።

ሄድፎኑን በአንድ ቀን ቤት ውስጥ አቁም አልልህም። ዕቃ ሲታጠብ ከወጋህ ልጅህን ይዘህ ወደ በረንዳ ውጣ፣ ጆሮህን ከምትደፍን ከድምፁ ራቅ በል። ሳህን እየታጠበ ሬዲዮ ዝቅ ተደርጎ ቢከፈትም ድምፁ ያን ያህል አይወጋም። መጀመሪያ ቡና ላይ አታጥልቀው፣ ከዚያ እራት ላይ፣ እንዲህ እንዲህ እያልክ ቀንስ። ልጅህ ደግሞ ሁለት ዓመቷ ነው፣ ስትወድቅም ስትጠራህም መስማት አለብህ።

እህትህ ላይ ምንም ውሸት አያስፈልግም። «ማታ ሳይሆን አውቶቡስ ላይ ነው የሚጠቅመኝ፣ በየቀኑ አደርገዋለሁ» በላት። እውነት ነው፣ ደስም ይላታል። ስለ ጆሮህ የተጨነቀችው እሷ ነች የመጀመሪያዋ፣ ስለዚህ ሐኪሙ ያለህንም ንገራት። እሷስ እዚያ ሰው ቤት ማታ እንዴት ትተኛለች፣ ጠይቀሃት ታውቃለህ?

ሰኞ ከምርመራው ስትወጣ ወረቀቱ ላይ ግራው 4000 ጋ የት እንዳረፈ አይተህ ጻፍልኝ። የፍንጣሪውን ነገርም አስታውስና ጻፍልኝ።